አዲሱ መኪና ዳገት ላይ ሲቆም

 

ዛሬ የምንነጋገረው ስለ መኪና ነው። “እኛ መኪና የለንም፤ ምን አገባን?” የምትሉ ትኖራላችሁ። እስቲ ታገሡኝ። መኪናው ቢቀር ነገ ፍሪጅ ትገዙ ይሆናል። የውሃ ፓምፕ ወይም የልብስ ስፌት መኪና ትገዙ ይሆናል። ብዙ ገንዘብ የወጣበት አዲስ ዕቃ ጉድለት ያለበት ሆኖ ሲገኝ ምን ይደረጋል? ጥያቄው ያው አንድ ነው። በመኪና የጀመርኩት ገንዘቡም ትልቅ፣ ጭቅጭቁም ትልቅ ስለሆነ ነው።

ቸርችል ጎዳናን አብዛኞቻችሁ ታውቁታላችሁ። ከለገሃር ተነሥቶ በዋናው ፖስታ ቤትና በጥቁር አንበሳ ሆስፒታል በኩል ያልፋል። ከዚያም ከቴዎድሮስ አደባባይ ወደ ፒያሳ፣ ወደ ማዘጋጃ ቤቱ ይወጣል። ስሙን ያገኘው ከእንግሊዙ ጠቅላይ ሚኒስትር ከዊንስተን ቸርችል ነው። ቁልቁል ሲወርዱት ደስ ይላል። ሽቅብ ሲወጡት ግን የሰውንም የመኪናንም ጉልበት ይፈትናል።

አንዲት የማታ ተማሪዬ አሉ። ስማቸውን እዚህ አልጠራም፤ “እትዬ” እላቸዋለሁ፤ በዕድሜ ታላቅ እኅቴ ናቸው። እንጀራ ጋግረው ለምግብ ቤቶች ያስረክባሉ። ፊደል የቆጠሩት ከሦስት ዓመት ወዲህ ነው። ልጃቸው ደግሞ ዐሥረኛ ክፍል ጨርሶ የሰው መኪና ሲነዳ ቆየ። እናትና ልጅ እቁብ ገብተው፣ ከቁጠባና ብድር ማኅበር ተበድረው፣ በሰኔ 5 ቀን 2016 ዓ.ም. አዲስ የኤሌክትሪክ መኪና ገዙ። በዚያው ዓመት ጥር ወር መንግሥት በነዳጅ የሚሄዱ አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ መከልከሉ ታውቆ ነበርና፣ አዲስ መኪና የሚፈልግ ሰው ሁሉ ዐይኑ ኤሌክትሪክ ላይ ነበር። የሸጠላቸውን ድርጅት ስም አልናገርም። የዛሬው ጉዳያችን ገዢው ምን ማድረግ አለበት የሚለው ነው።

መኪናው በተገዛ በስድስተኛው ቀን፣ ማክሰኞ ጧት፣ ልጁ እናቱን ይዞ ቸርችልን ይወጣል። ከኋላ ለፒያሳ ደንበኛ የሚደርስ አርባ እንጀራ ተጭኗል። ቴዎድሮስ አደባባይን አልፈው ወደ ማዘጋጃ ቤቱ ሲያቀኑ መኪናው ጉልበት እያጣ፣ እያጣ መጣና ቆመ። ከኋላ ያሉት ክላክሳቸውን ያንጫጩታል። አንድ የጎዳና ልጅ ሮጦ ድንጋይ አምጥቶ ከጎማው ሥር ወሸቀላቸው። እግዚአብሔር ይስጠው።

መሪው አጠገብ ያለው ስክሪን ላይ በቀይ ቀለም ጽሑፍ ወጥቷል። ነገር ግን ጽሑፉ ቻይንኛ ነው። መኪናው የተሠራው ለቻይና ገበያ ኖሮ የሚናገረውም በዚያው ቋንቋ ነው። ልጁ በስልኩ ፎቶ አንሥቶት ኋላ አሳየኝ። ይኸውላችሁ፣ እኔ ልጆችን ፊደል ሳስተምር የኖርኩ ሰው፣ ከዚያ ጽሑፍ አንዲት ምልክት መለየት አቃተኝ። ወረቀቱን ገልብጠው ይይዙት እንደነበሩት የመጀመሪያ ቀን ተማሪዎቼ ሆንኩ። እትዬ ሳቁብኝና፣ “መምህር፣ የእኛ ነገር አሁን ገባዎት?” አሉኝ።

ልጁ ያን ፎቶ ማንሣቱ ግን ትልቅ ነገር ነበር። ሳያስበው ያደረገው የመጀመሪያው ትክክለኛ ሥራ ይኸው ነው። ጽሑፉን ማንበብ ባንችልም ማስቀረት እንችላለን። መኪናው ጠፍቶ ሲነሣ ያ ቀይ ጽሑፍ ይጠፋል። ፎቶው ግን ቀኑንና ሰዓቱን ይዞ ይቀመጣል። ኪሎ ሜትር ቆጣሪውንም አብራችሁ አንሡት። መኪናው ስንት ኪሎ ሜትር ሄዶ ነው የቆመው? 300 ነው ወይስ 30,000? ክርክር ሲመጣ ይህ ቁጥር ብዙ ይናገራል።

ልጁ ወዲያው ለሻጩ ደወለ። “ሶፍትዌር ነው፤ አጥፍተህ አብራው” አሉት። አጠፋ፣ አበራ፣ መኪናው ተነሣ። በማግሥቱ ረቡዕ እዚያው ዳገት ላይ ደግሞ ቆመ። እንደገና ሲደውል “ነገ እንደውልልሃለን” አሉት። ማታ እትዬ ክፍል ሲገቡ ፊታቸው ልክ አልነበረም። ደብተራቸውን ሳይገልጡ ነገሩን ሁሉ ነገሩኝ። በመጨረሻም፣ “ሠፈራችን ያለ መካኒክ ነገ እከፍተዋለሁ ብሎኛል” አሉ።

“እትዬ፣ እባክዎ እንዳያስከፍቱት!” አልኳቸው።

ለምን? ምክንያቱን ላስረዳችሁ። የተበላሸ ነገር ስናይ መጀመሪያ የሚመጣልን ማስጠገን ነው። አሮጌ መኪና ቢሆን ልክ ነበር። አዲስ መኪና ግን ሻጩ ኃላፊነት ያለበት ዕቃ ነው። ሌላ ሰው ከከፈተው ሻጩ “ያበላሸው የእናንተ መካኒክ ነው” ይላል። ያኔ እውነቱን ማን ይለየዋል? በማግሥቱ የግዢ ወረቀቶቹን ይዘው መጡና አንድ በአንድ አነበብናቸው። ውሉ ሁለት ገጽ ነው። በሁለተኛው ገጽ ግርጌ፣ በደቃቅ ፊደል፣ መኪናው ከድርጅቱ ጋራዥ ውጭ ከተከፈተ ዋስትናው ይቀራል የሚል ተጽፏል። ልጁ ያን ውል ፈርሟል። አንብቦታል ወይ? አላነበበውም። “ረጅም ነበር” አለ።

ዋስትና ማለት ምን ማለት ነው? በከተማ “ዋራንቲ” ወይም “ጋራንቲ” ሲባል ትሰሙታላችሁ። ሻጩ “ይህ ዕቃ እስከዚህ ጊዜ ድረስ በራሱ ጉድለት ቢበላሽ ኃላፊነቱ የእኔ ነው” ብሎ የሚሰጠው ቃል ነው። እዚህ ላይ ሁለት ነገር ጠይቁ። አንደኛው፣ ዋስትናው የማን ነው? መኪናውን የሠራው ፋብሪካ ነው ወይስ አስመጥቶ የሸጠው ነጋዴ? ከፋብሪካው ጋር ውል የሌለው አስመጪ ያመጣው መኪና ከሆነ፣ ፋብሪካው “እኔ እዚያ አገር አልሸጥኩም” ሊል ይችላል። ስለዚህ የሻጩን ዋስትና በጽሑፍ መያዝ ግድ ነው። ሁለተኛው፣ ዋስትናው ባትሪውን ይጨምራል ወይ? በኤሌክትሪክ መኪና ውስጥ ከሁሉ የሚወደደው ዕቃ ባትሪው ነውና ይህ ቀላል ጥያቄ አይደለም።

ወደ ሕጉ እንምጣ። ሕግ ሲባል አትፍሩ። በ1952 ዓ.ም. የወጣ የፍትሐ ብሔር ሕግ አለን። እርጅናው ቢታወቅም የሚሠራ ሕግ ነው። በዚህ ሕግ፣ ሻጭ የሚሸጠው ዕቃ በውሉ እንደተባለው መሆኑንና ጉድለት የሌለበት መሆኑን ለገዢው ዋስ ይሆናል። በውሉ ላይ ዋስትና የሚል ቃል ባይጻፍ እንኳ የሻጭነት ግዴታው አለ ማለት ነው። ነገር ግን ሕጉ ከገዢውም የሚፈልገው ነገር አለ። ገዢው ዕቃውን እንደተመቸው ወዲያው መመርመር አለበት። ጉድለት ሲያገኝ ደግሞ ሳይዘገይ ለሻጩ ማሳወቅ አለበት፤ ጉድለቱ ምን እንደሆነም መግለጽ አለበት። ይህ በቁጥር 2292 እና 2293 ላይ ይገኛል። ካሳወቀ በኋላ ሻጩ እሺ ካላለ፣ ክሱን በአንድ ዓመት ውስጥ ማቅረብ አለበት። ቁጥሩ 2298 ነው። ሲገዛ እያየው ዝም ብሎ የተቀበለውን ግልጽ ጉድለት ግን በኋላ “ጉድለት ነው” ብሎ መሟገት አይችልም። የተሰነጠቀ መስታወት እያያችሁ ከወሰዳችሁት፣ ወሰዳችሁት ነው።

ሌላም ሕግ አለ። በ2006 ዓ.ም. የወጣው የንግድ ውድድርና የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ነው፤ ቁጥሩ 813 ነው። ይህ አዋጅ፣ የገዛው ዕቃ ጉድለት የተገኘበት ሸማች በገዛ በ15 ቀን ውስጥ “ለውጡልኝ ወይም ገንዘቤን መልሱልኝ” ብሎ መጠየቅ እንዲችል ደንግጓል። 15 ቀን! “ነገ እንደውልልሃለን” እየተባለ ስንት ቀን እንደሚያልፍ አስቡት። እትዬ ጣታቸውን አጥፈው ቆጠሩ። ከሰኔ 5 ጀምሮ እስከ ሰኔ 20። የቀራቸው አንድ ሳምንት ነው።

ልጁ ግን፣ “እኛ ነግረናቸዋል እኮ! ሁለቴ ደውያለሁ” አለ። እውነት ነው፤ ነግሯል። ነገር ግን የስልክ ንግግር ነፋስ ነው። ነገ ሻጩ “ማን ደወለ? ምን አለ?” ቢል ምን ታሳዩታላችሁ? ስለዚህ ደብዳቤ እንጻፍ አልኩ። እትዬ “እርስዎ ይጻፉልን” አሉኝ። እምቢ አልኩ። ክፉ ሆኜ አይደለም። ነገሩን የሚያውቁት እሳቸው ናቸው፤ እየተናገሩ ይጻፉት ብዬ ነው። ሆሄው ቢጣመም ጉዳዩን አያጣምመውም።

የመጀመሪያው ረቂቅ “እናንተ ሌቦች” ብሎ ይጀምር ነበር። እሱን ሰረዝነው። ስድብ ያለበት ደብዳቤ ዳኛ ፊት ቢቀርብ የሚያሳፍረው ተሳዳቢውን ነው። “ባትሪው ተበላሽቷል” የሚል ዐረፍተ ነገርም ነበረው። እሱንም ሰረዝነው። ባትሪው ይሁን፣ የማቀዝቀዣው ውሃ ይሁን፣ ሽቦ ይሁን ማን አየ? የኤሌክትሪክ መኪና ባትሪው ሲግልበት ራሱን ለመጠበቅ ጉልበቱን ይቀንሳል፤ ያገለውን ነገር መፈለግ የባለሙያ ሥራ ነው። ገዢ መጻፍ ያለበት ያየውን ነው፤ የት፣ መቼ፣ ምን ሆነ። በመጨረሻ ደብዳቤው እንዲህ ሆነ። የምትፈልጉ ገልብጡት፤ ነጠብጣቡን እናንተ ሙሉት።

ቀን፦ ሰኔ 13 ቀን 2016 ዓ.ም.
ለ …………………
ጉዳዩ፦ የገዛሁት መኪና ጉድለት ያለበት መሆኑን ስለ ማሳወቅ
ሰኔ 5 ቀን 2016 ዓ.ም. በደረሰኝ ቁጥር ……… የሻንሲ ቁጥሩ ……… የሆነ አዲስ የኤሌክትሪክ መኪና ከድርጅታችሁ ገዝቻለሁ። መኪናው ሰኔ 11 ቀን እና ሰኔ 12 ቀን ቸርችል ጎዳና ዳገት ሲወጣ ጉልበት አጥቶ ቆሟል። በስክሪኑ ላይ የወጣውን ጽሑፍና የኪሎ ሜትር ቆጣሪውን ፎቶ አያይዣለሁ። መኪናው በሌላ ሰው አልተከፈተም። በፍትሐ ብሔር ሕጉና በአዋጅ ቁጥር 813/2006 መሠረት መኪናው እንዲለወጥልኝ ወይም ገንዘቤ እንዲመለስልኝ እጠይቃለሁ። መልሳችሁን በጽሑፍ እጠብቃለሁ።
ስም …………… ፊርማ …………… ስልክ ……………

ይኸው ነው። ከዚህ መብለጥ የለበትም። የሻንሲ ቁጥር ያልኩት የመኪናው መታወቂያ ነው። በላቲን ፊደልና በቁጥር ተቀላቅሎ የተጻፈ ነው፤ ሲቆጠር 17 ነው። በመኪናው አካል ላይ ያለው፣ በደረሰኙ ያለውና በሊብሬው ያለው አንድ መሆኑን ጣታችሁን እያስኬዳችሁ አመሳክሩ። አንድ ቁጥር ከተሳሳተ፣ ሰነዱ የሚናገረው ስለ ሌላ መኪና ነው።

ደብዳቤው በሁለት ቅጂ ይዘጋጃል። አንዱ ለሻጩ ይሰጣል። በሁለተኛው ላይ ተቀባዩ “ደርሶኛል” ብሎ ስሙን፣ ፊርማውንና ቀኑን ያሰፍርበታል፤ ማኅተም ካለ ማኅተም። ይህ ቅጂ የእናንተ ነው። እትዬና ልጃቸው ሐሙስ ዕለት ይህን ይዘው ሄዱ። ተቀባይዋ ልጅ ግን፣ “ሥራ አስኪያጁ የሉም፤ እኔ አልፈርምም” አለቻቸው። እትዬ አልተጣሉም። ደብዳቤውን ይዘው ቀጥታ ቸርችል ጎዳና ዋናው ፖስታ ቤት ገቡና በአደራ ደብዳቤ፣ በተለምዶ ሬኮማንዴ በምንለው፣ ላኩት። ፖስታ ቤቱ የላኩበትን ቀን የሚያሳይ ደረሰኝ ይሰጣል። አሁን ሻጩ “አልሰማሁም” ቢል ያቺ ቁራጭ ወረቀት ትመሰክራለች። መኪናቸው በቆመበት ጎዳና ላይ መፍትሔውም ቆሞ ይጠብቃቸው ነበር ብዬ ቀለድኩባቸው። እሳቸው ግን ሌላ ነገር ነበር የገረማቸው። “በዚህ ፖስታ ቤት በር ሃያ ዓመት እንጀራ ተሸክሜ አልፌያለሁ። ዛሬ ገና ገባሁ” አሉ።

ሰኞ ሰኔ 17 ቀን ድርጅቱ ራሱ ደወለ። “መኪናውን አምጡት” አለ። ሁለት ጊዜ ቢደወልለት ያልሰማ ጆሮ በአንድ ደብዳቤ ሰማ። መኪናው አራት ቀን ጋራዥ ተቀመጠ። ዓርብ “ተስተካክሏል፤ ኑ ውሰዱ” ተባሉ።

ከዚህ በኋላ ያለውን በደንብ አድምጡኝ፤ አንባቢዎችም ይህን ክፍል ሁለት ጊዜ አንብቡት።

ቁልፉ ከመሰጠቱ በፊት አንድ ወረቀት ቀረበ። ልጁ እስክሪብቶ አንሥቶ ሊፈርም ሲል እናቱ እጁን ያዙት። “ላንብበው” አሉ። ሻጩ ወጣት፣ “እናቴ፣ ይሄ እኮ ፎርማሊቲ ነው፤ ሁሉም ይፈርማል” አላቸው። “ልጄ፣ እኔ ቀስ ብዬ ነው የማነበው፤ ታገሠኝ” አሉት። ጣታቸውን ከመጀመሪያው ቃል ላይ አስቀመጡ። ከኋላቸው ሌላ ደንበኛ ቆሟል። ልጁ ያፍራል፤ “እማዬ፣ ተይው” ይላል። እሳቸው ግን ፊደል በፊደል ይሄዳሉ። ተ–ረ–ክ–ቤ–ያ–ለ–ሁ። ያ–ለ–ም–ን–ም። ጉ–ድ–ለ–ት። ወረቀቱ እንዲህ ይል ነበር፦ መኪናውን ያለ ምንም ጉድለት ተረክቤያለሁ፤ ወደፊትም ምንም ዓይነት ጥያቄ አላነሣም።

እትዬ እስክሪብቶውን ተቀበሉና ሁለተኛውን ሐረግ በአንድ መስመር ሰረዙ። ከሥሩም በራሳቸው እጅ እንዲህ ብለው ጻፉ፦ “መኪናውን ተረክቤያለሁ። መሥራቱን ዳገት ላይ ሞክሬ አሳውቃለሁ። ሰኔ 21 ቀን 2016።” ከዚያ ፈረሙ። ፎቶ አንሣው ብለውም ልጃቸውን አዘዙት። ሻጩ አጉረመረመ፤ ሆኖም ቁልፉን ሰጠ።

እኔ ይህን ስሰማ ምን እንደተሰማኝ አልነግራችሁም። ከሁለቱ በትምህርት የሚበልጠው ልጁ ነው። በፍጥነት ማንበብ የሚችለውም እሱ ነው። ሆኖም ማንበብ መቻል ሌላ፣ ማንበብ ሌላ ነው። እኛም የተማርን ነን የምንለው ባንክ ቤት ሄደን ሳናነብ የምንፈርመው ስንት ነው? እኔ ራሴ አድርጌዋለሁ።

መኪናው ተስተካክሎ ነበር ወይ? አልነበረም። ሰኔ 26 ቀን ቸርችል ላይ ለሦስተኛ ጊዜ ቆመ። ያን ወረቀት እንዳለ ፈርመው ቢሆን ኖሮ ድርጅቱ “ጥያቄ አላነሣም ብላችሁ ፈርማችኋል” ይላቸው ነበር። አሁን ግን ሁለተኛ ደብዳቤ ጻፉ። ይህኛውን ብቻቸውን ነው የጻፉት፤ እኔ ያየሁት ከተላከ በኋላ ነው። አንድ ሁለት የሆሄ ግድፈት አለበት። ምንም አይደል።

እትዬ በዚህ ጊዜ ደብተር ከፍተው ነበር። መኪናው የቆመበትን ቀን፣ ቦታውን፣ ጋራዥ የዋለበትን ቀን፣ ያነጋገሩትን ሰው ስም፣ ሰውየው ያለውን ቃል ሁሉ ይመዘግባሉ። ይህ በሌላ አገርም የታወቀ ብልሃት ነው። አሜሪካኖች እየተጠገነ የማይድን አዲስ መኪናን “ሎሚ” ይሉታል። ነገሩ ገርሞኛል፤ እኛ ዘንድ ሎሚ በጥምቀት ለወደዷት ልጅ የሚወረወር ነው። በ1982 እ.ኤ.አ. ኮኔቲከት የሚባለው ግዛታቸው “የሎሚ ሕግ” የተባለውን አወጣ፤ ሌሎቹም ግዛቶች ተከተሉ። በዚያ ሕግ አዲስ መኪና ለአንድ ዓይነት ብልሽት አራት ጊዜ ተጠግኖ ካልዳነ፣ ወይም በጥገና ምክንያት በጠቅላላው 30 ቀን ከቆመ፣ ገዢው እንዲለወጥለት ወይም ገንዘቡ እንዲመለስለት መጠየቅ ይችላል። የእኛ ሕግ በዚህ መልክ አልተጻፈም። ነገር ግን “ስንት ጊዜ ተጠገነ? ስንት ቀን ቆመ?” ተብሎ መጠየቁ የትም አይቀርም። መልሱን ከደብተሩ የሚያነብ ሰውና በግምት የሚናገር ሰው እኩል አይደመጡም።

ሻጩ ለሁለተኛው ደብዳቤ የሰጠው መልስ ያልጠበቅነው ነበር። “ልጃችሁ በመኪናው ሰው እያመላለሰ ይከፈለዋል። ስለዚህ መኪናው ለንግድ ነው፤ እናንተ ሸማች አይደላችሁም” አለ። ይህ ክርክር ከሜዳ የመጣ አይደለም። አዋጅ 813 ሸማች የሚለው ለግሉ ወይም ለቤተሰቡ ፍጆታ የሚገዛውን ሰው ነው። በባለ ታክሲና በባለ ባጃጅ ላይ ይህ ክርክር ሊነሣ ይችላል። ደብዳቤው ላይ ሁለቱንም ሕጎች የጠቀስነው ለዚህ ነው። የፍትሐ ብሔር ሕጉ የሽያጭ ዋስትና ዕቃው ለቤትም ይገዛ ለሥራ፣ ለገዢ ሁሉ ነው። አንዱ በር ቢዘጋ ሌላው ክፍት ይሁን። እናንተም ስትጽፉ እንዲሁ አድርጉ።

እትዬ የደብዳቤዎቹን ቅጂ፣ የፖስታ ቤቱን ደረሰኝ፣ ፎቶዎቹንና ደብተራቸውን ይዘው ወደ ንግድ ቢሮ ሄዱ። ሸማቾችን የሚጠብቅ አንድ ባለሥልጣን መሥሪያ ቤት በ2006ቱ አዋጅ ተቋቁሞ ነበር። ነገር ግን በ2014 ዓ.ም. በወጣው አዋጅ ቁጥር 1263 ሥራው ወደ ንግድና ቀጣናዊ ትስስር ሚኒስቴር ተዛውሯል። ስለዚህ የድሮውን ስም ይዛችሁ ስትፈልጉ እንዳትንከራተቱ። በአዲስ አበባ አቤቱታ ለከተማው ንግድ ቢሮ ወይም በየክፍለ ከተማው ላለው ጽሕፈት ቤቱ ይቀርባል። በዚያ የሚቀበላችሁን ሠራተኛ፣ “ሕጉ ተሻሽሏል ወይ? የጊዜ ገደቡ ስንት ነው?” ብላችሁ ጠይቁ። መጠየቅ ነውር የለውም። በየመሥሪያ ቤቱ ደጅ ማመልከቻ የሚጽፉ ሰዎችም አሉ። ብታስጽፉ አልቃወምም፤ እንጀራቸው ነው። ግን ሳትፈርሙ በፊት የጻፉትን አንብቡ። ያላላችሁትን ጽፈው ሊሆን ይችላል።

የእትዬ ጉዳይ ፍርድ ቤት አልደረሰም። ቢሮው ሁለቱንም ወገኖች ጠርቶ አነጋገረ። ሻጩ በጽሑፍ የቀረበውን ሁሉ ሲያይ፣ ለብዙ ቀን ካንገራገረ በኋላ፣ በነሐሴ ወር መኪናውን በሌላ ለወጠላቸው። ደስ ብሎናል። ግን ሙሉ ደስታ ነው አልላችሁም። በእነዚያ ሁለት ወራት ልጁ ሥራ ፈትቷል። የማኅበሩ ብድር ግን ወለዱን አላቆመም፤ እቁቡም አልጠበቀም። እትዬ ሌሊት ተጨማሪ እንጀራ እየጋገሩ ከፈሉ። የዚያን ጊዜ ኪሳራ ሻጩ እንዲክስ ቢጠይቁም አልሰጣቸውም። “ክስ ልመሥርት ወይስ ልተወው?” ብለው ጠየቁኝ። ይህን እኔ አልወሰንኩላቸውም። የአንድ ዓመቱ ጊዜ ገና ስላላለቀ፣ ነፃ የሕግ ምክር የሚሰጡ ሰዎች ዘንድ ሄደው እንዲማከሩ ብቻ ነገርኳቸው። የሕግ ትምህርት ቤት ያላቸው ዩኒቨርሲቲዎች ይህን አገልግሎት የሚሰጡባቸው ማዕከላት አሏቸው። ሴቶች ደግሞ ወደ ኢትዮጵያ ሴቶች ሕግ ባለሙያዎች ማኅበር መሄድ ይችላሉ።

እትዬ በመጨረሻ የወሰኑት መተው ነው። “ጉልበቴን ለምጣዴ ላድርገው” አሉ። በዚህ አልፈርድባቸውም። ሁለተኛውን መኪና ሲረከቡ ግን ልጃቸውን መጀመሪያ ቸርችልን ሦስት ጊዜ አስወጥተውት፣ ከዚያ በኋላ ነው የፈረሙት።

አሁን ለእናንተ አንድ የቤት ሥራ አለኝ። ቤታችሁ ውስጥ ካለው ዕቃ በቅርቡ በብዙ ገንዘብ የገዛችሁትን አስቡና ደረሰኙን ፈልጉት። ካገኛችሁት አውጡና አንብቡት። ቀኑ የቱ ጋ ነው? የሻጩ ስም የቱ ጋ ነው? የከፈላችሁት ገንዘብ ልክ ነው ወይ? ከገንዘብ መሰብሰቢያ መሣሪያ የሚወጣው ደረሰኝ ሙቀትና ብርሃን ሲያገኘው፣ ሲቆይም፣ ቀለሙ እየነጣ ይጠፋል። ከምድጃ አጠገብ አታስቀምጡት፤ በኪሳችሁም ይዛችሁት አትዙሩ። ነገ ጧት ፎቶ ኮፒ አስነሡትና ሁለቱን በአንድ ላይ ደብተር ውስጥ አድርጉ። ደረሰኙ ጨርሶ ነጭ ሆኖ ከጠበቃችሁ ደግሞ፣ ወደገዛችሁበት ሱቅ ሄዳችሁ ቅጂ ጠይቁ፤ የጠየቃችሁበትንም ቀን ጻፉት።

ደኅና እደሩ።